የመጠጥ ፈቃድ በማን ፊት ይሰጥ?

ሓድነት በትግርኛ አንድነት ማለት ነው። ይህን ስም የያዘው የመቀሌ ክፍለ ከተማ ግን፣ እንደ ማንኛውም የከተማ ሰፈር፣ ሲመሽ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን ልጇን ለትምህርት ማልዳ የምትቀሰቅስ እናት አለች። በሌላው ወገን ስዋ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ እናት፣ ክራር መቺና አስተናጋጅ አሉ። አንዱ መተኛት፣ ሌላው መሥራት ይፈልጋል። በእኔ እምነት ሁለቱም እውነት አላቸው። በሁለት እውነቶች መካከል መፍረድ ያለበት የአካባቢው ምክር ቤት ነውና ጥያቄዬም ለእርሱ ነው፤ ለመጠጥና ለመዝናኛ ቤት ፈቃድ ሲሰጥ፣ ሲነፈግ ወይም በሩ ሲታሸግ ጉዳዩ የሚወሰነው በማን ፊት ነው?

«ሕግ አለ» የሚሉኝ ይኖራሉ። አዎን፣ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 መጠጥ የሚሸጥለትን ሰው ዕድሜ ወደ 21 ዓመት ከፍ አድርጓል። የቢራ ማስታወቂያም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፣ በየመንገዱም እንዳይሰቀል ከልክሏል። መልካም ነው። አዋጁ ግን የቡና ቤቱ ድምፅ ማጉያ በማን መኝታ ቤት ትይዩ እንደተተከለ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ጎረቤት ነው። እኔ በኖርኩባቸው ሰፈሮች ሁሉ ደግሞ ጎረቤት አዲስ ቡና ቤት መከፈቱን የሚሰማው ከዚያው ድምፅ ማጉያ ነው!

ቅሬታው ሲበዛ ምን ይደረጋል? ዘመቻ ይታወጃል። በአዲስ አበባ የሺሻና የጫት ቤቶች በዘመቻ ሲታሸጉ ደጋግመን አይተናል። ዘመቻ ግን ፍርድ አይደለም። ዘመቻ ቀድሞ የሚደርሰው በደጇ እንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ ከምትሸጠው ሴት ዘንድ ነው፤ ባለሆቴሉ ጠበቃ አለው።

መከልከል ብቻውን ይበቃል ለሚሉም የራሳችን ታሪክ መልስ አለው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ለዓመታት በሰዓት እላፊ ኖራለች። መጠጡም ጭፈራውም ቀረ? አልቀረም። በር ተዘግቶ፣ ሰው ከውስጥ ሆኖ እስኪነጋ ጠጣ፣ ጨፈረ።

ፈቃድ በዝግ ቢሮ ሲያዝ ደግሞ የመቅጫ በትር ይሆናል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣችው የካባሬ ሕግ ልዩ ፈቃድ በሌለው ቤት መደነስን ከለከለ። ቆይቶም በምሽት ክበብ የሚጫወት ሙዚቀኛ ሁሉ የፖሊስ ካርድ እንዲይዝ ተገደደ። እነ ቢሊ ሆሊዴይና ቴሎኒየስ ሞንክ ካርዳቸውን ተነጥቀው በከተማይቱ ክበቦች ከመጫወት ታገዱ። ሕጉ እስከ 2017 አልተሻረም።

ወደ መቀሌ ልመለስ። ከተማይቱ ጦርነትን፣ ከበባንና ደመወዝ አልባ ወራትን አሳልፋለች። ከጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ጠመንጃው ዝም ቢልም ሐዘኑን በመጠጥ የሚያስታምም ወጣት አለ። ከስዋ ጋን በቀር ንብረት ያልተረፋት እናትም አለች። ታዲያ እንዲህ ባለች ከተማ የአንድን ቤት በር መክፈትም ሆነ መዝጋት የማኅተም ጉዳይ ብቻ ነውን?

የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። እንግዲያው ፈቃድ የጠየቀ ሰው ማመልከቻው አስቀድሞ በደጁ ይለጠፍ። ጎረቤቱ በአዳራሽ ይሰማ፤ አመልካቹም ይሰማ። ከትምህርት ቤት ያለው ርቀት፣ የመዝጊያው ሰዓትና የድምፁ ልክ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለሆቴሉም ለስዋ ቤቱም መለኪያው አንድ ይሁን። የተከለከለም፣ የታሸገበትም ሰው ምክንያቱን በወረቀት ይዞ ይግባኝ ይበል።

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላሉ አበው። ሕዝቡ ለመናገር ሰንፎ አያውቅም። ዳኛው በሩን ይክፈት።