ከወንበር የወረደ ሰው ድምፅ

ባገራችን ከሥልጣን የወረደ መሪ ዕጣው አብዛኛውን ጊዜ ግዞት ነበር። እኛ በሐራ ያለን የወሎ ልጆች ይህን ማንም አያስተምረንም። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተሻሩ፤ በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ ግዞት ቢያመልጡ ግን ቤተ መንግሥቱ ተሸበረ፤ የጎጃሙ ራስ ኃይሉም ተባብረዋል ተብለው ግዛታቸውን አጡ። ከ15 ዓመት በኋላ እንኳ የስማቸው ጥላ ያስፈራ ነበር!

በኛ ዘመን ግዞቱ በአዋጅ መጣ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከፕሬዚዳንትነት ሲሰናበቱ የወጣው አዋጅ ቁጥር 255/1994 የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ይራቅ አለ። እሳቸው በ1997 ዓ.ም. ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸነፉ፤ ጥቅማቸውም ተነጠቀ።

በሕዝብ ገንዘብ የሚጦር ሰው ገለልተኛ ይሁን የሚለውን ክርክር አንንቅም። ይሁን እንጂ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ በየካቲት 2017 ዓ.ም. በአልጀዚራ ስለ ኤርትራ መንግሥት ከባድ ክስ ሲጽፉ ጥቅማቸው ተነካ ሲባል አልሰማንም። በርግጥ ያ የፓርቲ ቅስቀሳ አይደለም። ግን ለአገር የሚከብደው የቱ ነው? የአንድ ወረዳ ምርጫ ወይስ የጦርነት ወሬ?

የቀድሞ መሪ በግል መወዳደር ከፈለገ መኪናውንና ጠባቂውን ይመልስ፤ ሕክምናውና ጡረታው ግን የዝምታ ደመወዝ ሊሆን አይገባም። አዋጁ በዚህ ይሻሻል እንላለን። የሕግ መምህራን የሚቃወሙን ከሆነ ዓምዳችን ክፍት ነው።