ልጅቱ ኦዲተር ልሁን ስትል

በዘንገና አካባቢ ገብስና ድንች ሸጠው ልጃቸውን ያስተማሩ ወላጆች፣ ልጅቱ በሒሳብ አያያዝ ስትመረቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመኙላት ባንክ እንድትገባ ነው። ደመወዙ በወሩ ይመጣል፤ እንጅባራም ቅርብ ነው። እርሷ ግን «አዲስ አበባ ሄጄ በኦዲት ድርጅት ልቀጠር» ስትል ቤቱ ይከፋል።

ለመሆኑ ተማሪዎችን ወደዚህ ሙያ የሚስባቸው ምንድን ነው?

አንደኛው የሥራው ዓይነት መብዛት ነው። ጀማሪ ኦዲተር ዛሬ የፋብሪካ፣ ነገ የነጋዴ ወይም የማኅበር መዝገብ ስለምትመረምር በአጭር ጊዜ ብዙ ትማራለች። ሁለተኛው የሙያው መሰላል ነው። ኤሲሲኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የሙያ ማዕረግ ፈተናዎቹን ከማለፍ ሌላ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱም በኦዲት ድርጅት ውስጥ በሚገባ ይገኛል። ሦስተኛው ክብሩ ነው። በዕድራችን ገንዘብ ያዡ የራሱን ሒሳብ እንደማይመረምር ሁሉ፣ የድርጅትም ሒሳብ የሚታመነው ገለልተኛ ሰው ሲያየው ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህም የዚህ ሙያ ተፈላጊነት ጨምሯል።

ወላጆች የሚሰጉት ግን ያለምክንያት አይደለም። በጀት ዓመታቸው በሐምሌ 1 የሚጀምር ድርጅቶች የግብር ማስታወቂያቸውን እስከ ጥቅምት 30 ማቅረብ ስላለባቸው፣ በእነዚያ ወራት ኦዲተር አምሽታ ትሠራለች፤ ወደ ክፍለ ሀገርም ትላካለች። «ይህችን ዝለያት» የሚል ባለጉዳይም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ያው ሥራ ለወንድሟ ሲሆን «ጎበዝ» እየተባለ፣ ለእርሷ ሲሆን «መቼ ልታገባ ነው?» መባሉ ተገቢ አይደለም። የፌዴራል ዋና ኦዲተርነትን የሚያህል ኃላፊነት እንኳ ለሴት፣ ለወይዘሮ መሠረት ዳምጤ፣ ተሰጥቷል።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ ከመከልከል በፊት መጠየቅ ይሻላል። የምትቀጠርበት ድርጅት ከሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ አለው? ከማን ጋር ትኖራለች? ሲመሽ በምን ትመለሳለች? ለፈተናው ክፍያ ድርጅቱ ያግዛታል? ልጅቱም በበኩሏ የመጀመሪያው ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለቀለብ መብቃቱን አስቀድማ ታስላ፤ ሒሳብ የተማረችው ለሰው ብቻ አይደለምና።

መልሱ አጥጋቢ ከሆነ ስንቋን ቋጥሮ፣ መርቆ መሸኘት ነው። እውነቱን ጽፋ በስሟ የምትፈርም ልጅ ማሳደግ ለወላጅ ትልቅ ኩራት ነው።