ሐረጎን ሲወጡ የማይለወጠው ሜኑ

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች። መኪናው የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የልጆች ጆሮ ይደፈናል፣ እርሻውም መልኩን ይቀይራል። ማሽላውና ጤፉ ከታች ይቀራሉ፤ ከላይ ገብስ፣ ባቄላና ምስር ይቀበላሉ። የማይለወጠው የሆቴሉ ሜኑ ነው።

ለክረምት ዕረፍት ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ ኮምቦልቻ ቢያድርም ደሴ ቢያድር የሚቀርብለት ዝርዝር ቦሌ ከተወው እምብዛም አይለይም። ስፓጌቲ፣ ክለብ ሳንድዊች፣ በርገር፣ ጥብስ፣ ፍርፍር። ለልጆቹ የታሸገ ጁስ ይታዘዛል፤ አባት ቢራ ያዛል። ሦስት ቀን እንዲህ ይበላና ቤተሰቡ ከጦሳ ተራራ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ወሎን አይቷል፤ አልቀመሳትም።

ነገሩ የአፍ ምርጫ ይመስላል። ገንዘቡን ተከትሎ ለሄደ ሰው ግን ጉዳዩ እርሻ ላይ ያደርሰዋል። የፓስታው ዱቄት፣ ዘይቱና ጁሱ በአብዛኛው በጭነት መኪና ከሩቅ የመጡ ናቸው። እንግዳው ከከፈለው ሒሳብ ውስጥ አትክልት ለሚያለማው ለገራዶ ገበሬ ወይም ከዚያ በላይ ጉጉፍቱ ላይ ገብስ ለሚያርሰው የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ደቡብ ወሎ ተራሮች ላይ ለዕረፍት የሚወጣ ቤተሰብ የአገሩን ምግብ ማዘዝ አለበት፤ ሆቴሎቹም የሚታዘዝ ነገር ሜኑ ላይ ማስፈር አለባቸው።

ከገብስ እንጀምር። የወሎ ደጋ በበልግ የሚያርስ አገር ነው። ጥርና የካቲት የተዘራው ገብስ፣ በልጉ በቀና ዓመት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይታጨዳል። ይህ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ነው። ቤተሰቡ ደጋ ሲደርስ አዲሱ እህል ጎተራ እየገባ ነው ማለት ነው። ገበሬው ገብስን የእህል ንጉሥ ይለዋል፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገንፎ፣ ቅንጬ፣ ቆሎ፣ በሶና ጠላ ይሆንለታል። ጠላ የማይጠጣው ሙስሊም ጎረቤቱ ደግሞ ከዚያው ገብስ ቀሪቦ ያዘጋጃል። ከገብስ ውጤት ሁሉ የሆቴል ጠረጴዛ ላይ በቋሚነት የሚገኘው ግን ቢራ ነው። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ በመሆኗ አባት ገብሱን ሳያውቀው ይጠጣዋል፤ ልጁ ግን በማር የተለወሰ በሶ ወይም ቅቤ የገባበት ቅንጬ ለቁርስ ይቅረብልህ ተብሎ አይጠየቅም። ቀሪቦም ከታሸገው ጁስ አጠገብ ቢቀመጥ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ከክርስቲያን እስከ ሙስሊም ሁሉም የሚጠጣው ነበር።

የማሽላው ታሪክ ከዚህም ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን ፈትሸው ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከሌሎቹ እጅግ የላቁ ሁለት አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። የዚህ ወገን ማሽላ በወሎ ገበሬ ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነው፤ አንዱ ወተት በጉንጬ ይባላል። ፍሬው ሲደርቅ ስለሚጨማደድና ምርቱም አነስተኛ ስለሆነ ገበሬው ማሳውን ሁሉ አይሰጠውም። ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ጥቂት ይዘራና እሸቱ ሲደርስ ዛላውን በእሳት ጠብሶ ከልጆቹ ጋር ይበላዋል። ሳይንስ ላቦራቶሪ ውስጥ ያገኘውን የገበሬው ልጆች ማሳ ዳር ሲበሉት ኖረዋል።

እንዲህ ያለ ዘር የሚኖረው የሚበላው ሰው እስካለ ድረስ ነው። በድርቅ ዘመን የዘር እህል ሳይቀር ተበልቶ ሲያልቅ፣ የአገር ዘር አብሮ የመጥፋት አደጋ ይገጥመዋል፤ የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ይህን በወሎ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዘር ባንክ፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ የተሰበሰቡ የአገር ዘሮችን ለወሎና ለሸዋ ገበሬዎች መልሶ አከፋፍሏል። ዶክተር መላኩ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ባንክ ዘሩን በማቀዝቀዣ ያቆያል። ማሳ ላይ የሚያቆየው ግን ገዥ ነው፤ ከገዥዎች ሁሉ ጥሩ ዋጋ መክፈል የሚችለው ደግሞ ዕረፍት ላይ ያለ ቤተሰብ ነው።

የአገር ምግብ ሲባል ከአዳም ጀምሮ የነበረ መሆን የለበትም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳም ባጸኑበት ዳር፣ ዛሬ የሚጠበሰው ቆሮሶ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሰው ወደ ውኃው የጨመረው ዓሣ ነው። አሁን የአጥማጁ እንጀራ ሆኗል። የደሴ ቤተሰብ እሑድ ወደ ሐይቅ ወርዶ ዓሣ በልቶ ሲመለስ የሚከፍለው ገንዘብ እዚያው ይቀራል።

ተቃውሞ አለ፤ የሚናቅም አይደለም። ወላጅ የሚፈራው ለልጁ ሆድ ነው። ያልፈላ ወተት በሽታ ያመጣል፤ ጥሬ ሥጋም ኮሶ ያስይዛል። መልሱ ቀላል ነው፤ ወተቱ ይፈላ፣ ሥጋው ይብሰል። ገንፎ፣ ንፍሮ፣ ቅንጬና የተጠበሰ ዓሣ ከእሳት ወጥተው ትኩስ የሚቀርቡ ስለሆኑ ከቀዝቃዛ ሳንድዊች ይልቅ ለሆድ አያሰጉም። ያገር ቤት የሆነ ሁሉ ይወደስ ማለትም አይደለም። ጓያ የወሎ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በድርቅ ዓመታት ሌላ እህል ታጥቶ ለወራት እርሱ ብቻ ሲበላ የብዙ ወጣቶችን እግር አሽመድምዷል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1999 ከኢትዮጵያ የዘገበው የዚህ ሕመም ወረርሽኝ የተነሣው በድርቅ ማግስት ነበር። የገበሬን ምግብ ማክበር ችግሩንም ጭምር ማወቅን ይጠይቃል።

የሆቴል ባለቤቶች ሌላ ምክንያት ያቀርባሉ። እንግዳው አይጠይቅም፤ አቅርቦቱም ዓመቱን ሙሉ አይዘልቅም። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ሜኑ ላይ የሌለ ነገር ማን ይጠይቃል? ሁለተኛው ደግሞ እንደ ችግር የሚታየው ሜኑ ለዓመታት እንዳይለወጥ ሆኖ በፕላስቲክ ስለሚለበጥ ነው። በየወቅቱ የሚቀየር አንድ ገጽ ይበቃል፤ መስከረምና ጥቅምት የባቄላ እሸት፣ ኅዳር የማሽላ እሸት፣ ክረምት የበልግ ገብስ። ወሎ ሁለት ሃይማኖት በአንድ ጠረጴዛ ማስተናገድ የለመደ አገር ነው፤ ሥጋውን ለይቶ፣ ጾሙን አውቆ የሚያቀርብ ወጥ ቤት ወቅት መለየት አያቅተውም።

እንዲህ ያለው ነገር ሌላ ቦታ ተሞክሮ ሠርቷል። በሰሜን ወሎ መቄት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ገበሬዎች ራሳቸው ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እንግዳ ሲያሳድሩ፣ ያሉበት አገር ያበቀለውን ሲያበሉ፣ ከገቢው ድርሻቸውን ሲወስዱ ቆይተዋል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ በእርሻ ቤት እንግዳ የሚቀበል ገበሬ የራሱንና የአካባቢውን ምርት እንዲያቀርብ ደንግጋለች፤ ዛሬ በመንደር እርሻ ዕረፍት ማሳለፍ ለጣሊያን ቤተሰብ የተለመደ ነገር ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይሉ የለ።

እርግጥ ዛሬ ወደ ወሎ ለዕረፍት መሄድ ለሁሉም ቀላል አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው ብዙ ንብረት ተዘርፏል፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ የመኪና መንገዱን ለቤተሰብ አስጊ አድርጎታል። ኮምቦልቻ የአውሮፕላን ማረፊያ ቢኖራትም ለአምስት ሰው ቲኬት መቁረጥ የሁሉም አቅም አይደለም። ስለዚህ ጅማሬው ከቅርብ እንግዳ ቢሆን ይሻላል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ለሠርግ ከሚወርደው፣ ለስብሰባ ከሚመጣው፣ እሑድ ልጆቹን ይዞ ከሚወጣው የከተማው ነዋሪ።

ሥራው ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ሲሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ማሽላን ያውቃል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደሴ ነው። ሁለቱ አገናኝ ሆነው ጥቂት ሆቴሎች በኮምቦልቻ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ጋር አነስተኛ መሬት ላይ ወተት በጉንጬ ለማምረት ቢዋዋሉ፣ ዋጋውም አስቀድሞ ቢቆረጥ፣ እሸቱ ኅዳር ላይ ጠረጴዛ ይደርሳል። ማሽላው በሚያዝያ ስለሚዘራ ውሉ ከፋሲካ በፊት መፈረም ይኖርበታል።