ስለ ዕጣን ዛፍ ጥናትና ስለ ነጋዴው ድርሻ

ከመጋዘኑ ዕቃ እያወጣ የሚሸጥ፥ በምትኩ ግን አንዳች የማያስገባ ነጋዴ ሱቁን የሚዘጋበት ቀን ሩቅ አይደለም። ይህን የማያውቅ ባለሱቅ የለም። የዕጣን ንግድ ግን እስከ ዛሬ የሚካሄደው ይህ ሕግ ለዱር ዛፍ የማይሠራ በሚመስል አኳኋን ነው።

ከጎንደር ከተማ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ በሚገኘው በመተማ ቆላ፥ የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች የዕጣን ዛፎችን እየቈጠሩና እየለኩ ያደረጉት ጥናት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። ነገሩ በዚያው ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ፥ የዛፎቹም ቍጥር በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶ እንደሚቀንስ አስጠንቅቀው ነበር። በ2019 ዓ.ም. የወጣው ሰፊ ጥናትም ይህንኑ ሥጋት አጸና። የ15 ዓመቱ ቀጠሮ እነሆ ሊሞላ ተቃርቧል።

ይበልጥ የሚያስገርመው ምክንያቱ ነው። ቅርፊቱ እየተላጠ የደማው ዛፍ ብቻ ሳይሆን ያልተነካውም እንዲሁ እያለቀ ተገኘ። ክረምት ሲገባ ቡቃያው በብዛት ይወጣል፤ ነገር ግን ለጋ ዛፍ ለመሆን ሳይደርስ ከብት ይግጠዋል፥ የበጋም ቃጠሎ ይፈጀዋል። ስለዚህ አሮጌው ሲወድቅ የሚተካው የለም።

እንግዲህ የዛፉ ዕድል ያለው በላኪው መዝገብ ውስጥ ሳይሆን በእረኛው እጅና ከደጋው መሬት ፍለጋ በወረደው ገበሬ እጅ ነው። ተመራማሪው ሜትሩን ይዞ ይመጣል፤ ለክቶም ይመለሳል፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ይታተማል። እረኛው ዛፉ የተለካበትን ምክንያት ሳይሰማ ከቀረ ግን ጥናቱ ለዛፉ ምን ረባው?

በደጋው የተሻለ ምሳሌ አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው፥ ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ ለመተካት እንደሚቸገር አሳዩ። ውጤቱንም በመጽሔት ብቻ አልተዉትም፤ ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ለካህናቱ አስረዱ። ሕዝቡም ከእርሻው ድንጋይ እየለቀመ በደኑ ዙሪያ ካብ ካበ። በዚህም እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፥ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ሥራው የሠመረው የደኑ ባለቤት ሕዝቡ ራሱ በመሆኑ ነው።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ነጋዴ ግብሩን ከከፈለ ይበቃዋል» የሚል አይጠፋም። ግብር መክፈል ተገቢ ነው፤ ዕጣን ግን አያበቅልም። የአየሩ ጠባይ እየተለወጠ ባለበት በዚህ ዘመን፥ ሌላ ዛፍ በማይጸናበት ደረቅ ምድር ላይ የቆመው የዕጣን ደን ካለቀ የሚጐዳው ላኪው ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ይራቈታል፥ የዕጣን ለቃሚው ገቢ ይቋረጣል፥ በዚያ ገቢ ጨውና ጨርቅ የሚሸምተውም ደንበኛ ከባለሱቁ ይርቃል።

ስለዚህ ዕጣን ላኪዎች ከሚልኩት ከያንዳንዱ ኵንታል ጥቂት ብር ቢያዋጡ መልካም ነው። በዚህም ገንዘብ የጥናቱ ውጤት ባማርኛ ተዘጋጅቶ በገበያ ቀን ለሕዝብ ይነገር፤ የአገር ሽማግሌዎችና እረኞች የሚመርጡት ደን ለተወሰኑ ዓመታት ከከብትና ከእሳት ይከለል፤ የጠባቂውም ደመወዝ ይከፈል። ደኑን ለሚያሳርፍ ማኅበርም ላኪው ዋጋውን ያሻሽልለት። ወጪው ዛሬ የሚሰማ፥ ጥቅሙ ግን ዘግይቶ የሚታይ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። የማይተካ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ትርፍ የቈጠረ ይመስለዋል እንጂ የሚበላው ዋናውን ነው።