የሀገር ደስታና የማዕድ አንድነት

ጎተራው ስለ ሞላና ከተማው ስለ ደመቀ የአንድ ሀገር ሕዝብ ደስተኛ ነው ማለት አይቻልም፤ ከመካከሉ ከማዕድ የሚለይ፣ ከደጅ የሚመለስ፣ ባልንጀርነት የሚነፈገው ወገን እስካለ ድረስ ፍሥሐው ምሉዕ አይሆንምና። ይህን እምነቴን ለማስረዳት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካለው ከካፋ ምድርና ከከተማው ከቦንጋ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በቡታን አሳሳቢነት፣ መንግሥታት በልማት ዕቅዳቸው የሕዝባቸውን ደስታ እንዲያስቡበት በሐምሌ ወር 2003 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ የሀገሮች የደስታ ደረጃ እየተመረመረ ይታተማል፤ ፊንላንድም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2018 እስከ 2025 ሳታቋርጥ አንደኛ ሆና ቆይታለች። ሊቃውንቱ ስለ ምክንያቱ ሲያትቱ ከሀብትና ከጤና ጋር በችግር ጊዜ የሚደርስ ሰው መኖሩን፣ ነጻነትን፣ ልግስናንና ከሙስና መጽዳትን ያነሣሉ። በ2025 የወጣው የዚሁ ምርመራ መግለጫ ደግሞ አብሮ መብላት ከደስታ ጋር በብርቱ የተሳሰረ መሆኑን ገልጾ፣ በባለጸጋይቱ አሜሪካ በ2023 ከአራት ሰዎች አንዱ ያህል ከተጠየቀበት ዕለት በፊት በነበረው ቀን ምግቡን ሁሉ ለብቻው እንደ በላ አመልክቷል። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚለው የአበው ምሳሌ ይህን ምርመራ ሳይጠብቅ ነገሩን ተናግሮታል።

ወደ ምሳሌዬ ወደ ካፋ ልመለስ፤ እግዚአብሔር ለካፋ ያደለው ጸጋ ብዙ ነው። ከጅማ ተነሥቶ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ማንም ሳይተክለው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለውን ቡና፣ ከቡናው አጠገብ የሚያፈራውን ኮረሪማ፣ በየዛፉ ላይ የተሰቀለውን የንብ ቀፎ፣ በየጓሮው የተንሰራፋውን እንሰት ያያል። ዩኔስኮም ይህን ደን በ2002 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስፍሮታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብን የሚመስጠው ግን ቡናው የሚጠጣበት ሥርዓት ነው። የቤቲቱ እመቤት ቡናውን አጥባ ቆልታ፣ ጢሱን ለተቀመጡት ሁሉ አዙራ ካስሸተተች በኋላ ሙቀጫው መሰማት ሲጀምር ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው በተራ እስኪወርድ የታመመው ይጠየቃል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ ሐዘንተኛው ይጽናናል። በገንዘብ ድኻ የሆነ ሰው በዚያ ሰዓት ከወገን ድኽነት ይድናል።

ወደዚህ ማኅበር እንዳይገባ ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ፣ ዛሬም በብዙ ሥፍራ የሚከለከል ወገን ግን በዚያው በካፋ ምድር አለ። ማንጆ የሚባለው ሕዝብ ካፊኛ እየተናገረ፣ ቀድሞ በአደን፣ ኋላም ማገዶና ከሰል ለገበያ በማቅረብ ኖሯል። ጀበናው የሚፈላበትን ማገዶ በጀርባው ተሸክሞ ከደን ያወጣ ሰው፣ በዚያው ማገዶ የፈላውን ቡና ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ እንዳይጠጣ፣ ምግብ ቢሰጠውም ከደጅ ሆኖ በእንሰት ቅጠል እንዲቀበል ሲደረግ ኖሯል፤ የጋብቻውማ ነገር ጨርሶ አይነሣም። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ የሚል ነው፤ ብዙዎቹ ያንን ምግብ ትተው፣ ተጠምቀው፣ መሬት እያረሱ ሲኖሩ መገለሉ አለመቅረቱ ግን የምግቡ ነገር ሰበብ መሆኑን ይመሰክራል።

«ድኽነት ሳይወገድ ስለ ማዕድ መናገር ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። የተራበ ሰው ደስ ሊለው እንደማይችል፣ መንገድና ሐኪም ቤት እንደሚያስፈልግ አልክድም፤ ነገር ግን መገለል ራሱ የድኽነት እናት መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ጓደኞቹ አጠገቡ ለመቀመጥ የሚጸየፉት ልጅ ከትምህርት ቤት ይሸሻል፣ ያበሰለችውን የሚገዛት ያጣች ሴትም ከከሰል ንግድ አትወጣም፤ ያ ከሰል ደግሞ የሚከሰለው ሁላችን ከምንመካበት ደን ነው። በመገለሉ የሚጎዳ ወገን እንዳለ ሁሉ አግላዩም ባልንጀራውን በማጣቱ ጎዶሎ ነው።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በመሬት የመጠቀምን መብት ለአራሹ ሰጠ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ሕግ ግን ቤት ገብቶ ስኒ አያቀርብም፤ ይህ የጎረቤት ሥራ ነው። ስለዚህ የካፋ ሽማግሌዎች ከልጆቻቸው ፊት ማንጆ ጎረቤታቸውን በአንድ ማዕድ በማስቀመጥ አርአያ እንዲሆኑ፣ እድሮች የአባልነት መዝገባቸውን እንዲከፍቱለትና ሬሳውን እንዲያነሡለት፣ ካህናትና ሰባኪዎች ከአንድ ጥምቀት የወጡትን በማዕድ መለየት ኃጢአት መሆኑን በግልጥ እንዲያስተምሩ፣ መምህራንም ሕፃናቱን አቀላቅለው እንዲያስቀምጡ እለምናለሁ። ሌላውም ኢትዮጵያዊ በሩቅ ሆኖ በካፋ ላይ ከመፍረዱ በፊት፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን በየመንደሩ እንዴት እንደሚያይ ራሱን ይመርምር፤ የጎረቤቱን ሰውነት የሚክድ ሕዝብ ሀብቱ የቱንም ያህል ቢበዛ ደስተኛ ሊባል አይገባውም።