ከሸራው በፊት ዋና፣ ከዋናው በኋላ ሸራ

እንጭኒ ላይ ቁጭ ብለን ስለ ዊንድሰርፊንግ እናውራ ብንል የሚስቅብን አይጠፋም። "አዳ በርጋ ደጋ ላይ ሆናችሁ የምን ባሕር አይታችሁ ነው?" ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ባሕር የለንም። ንፋስ ግን አለን። ከከተማዋ ወጣ ብሎ አውድማ ላይ እህል ሲዘራ ያየ ሰው ገበሬው መንሹን ከማንሳቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ቆም ይልና ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያያል። ጎኑን አስተካክሎ ይቆማል። ሲመጣለት ያነሳል፣ ሲተወው ይጠብቃል። እንግዲህ ሰሌዳ ላይ ሸራ ተክሎ ውሃ ላይ መሄድ የሚባለው ስፖርት ግማሹ ይኸው ነው። ሌላው ግማሽ ውሃ ነው። ችግራችን ያለውም እዚያ ላይ ነው።

በእኛ ዕድሜ ያለ የከተማ ልጅ ስለ ውሃ ስፖርት ሲያወራ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው "የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው" የሚል ነው። ሁለተኛው "ዕቃው ከተገኘ እኮ ምን ይከብዳል!" የሚል ነው። እኛ በሁለቱም አንስማማም። የመጀመሪያው ወጣቱን ከውሃው ያርቀዋል። ሁለተኛው ሳይዘጋጅ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። የትኛው ይብሳል ካላችሁን ሁለተኛው ይብሳል። የመጀመሪያው ቢያስቀና እንጂ አይገድልም።

እስቲ ከ"ሀብታም ጨዋታው" እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1958 እንግሊዝ አገር ሄይሊንግ በምትባል ደሴት ፒተር ቺልቨርስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ ራሱ በሠራው ሰሌዳ ላይ ሸራ ተክሎ ውሃ ላይ ሄደበት። ከዓመታት በኋላ ሆይል ሽዋይዘርና ጂም ድሬክ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመሳሳይ ነገር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1968 የፈጠራ መብት ጠየቁበት። ስፖርቱ በዓለም ተሰራጨ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። የመብቱ ጉዳይ እንግሊዝ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ዳኞቹ የዚያን ልጅ ሰሌዳ ቆጥረው እ.ኤ.አ. በ1985 መብቱን ውድቅ አደረጉት። አንድ ልጅ ለጨዋታ የሠራው ነገር የኩባንያን ጥያቄ ጣለ ማለት ነው። ዛሬ ዕቃው ውድ መሆኑን አንክድም። ቢሆንም አንድ ሰሌዳና ሁለት ሸራ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ነው ቅንጦት የሚሆነው። ሃያ ልጆች ተራ ቢገቡበት የክበብ ዕቃ ነው፤ ልክ እንደ ኳስና መረብ።

"ታዲያ ወንጪ አለልን አይደል?" የሚል አለ። ቀስ! ወንጪ ውብ ነው፣ ለጀማሪ ሸራ ግን አይሆንም። ሐይቁ ያለው 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ውሃው ይቀዘቅዛል። ዙሪያውን የእሳተ ገሞራ ገደል ከቦታል። ንፋሱ ገደሉን ተሻግሮ ሲወርድ እየተሽከረከረ፣ አቅጣጫ እየለዋወጠ ነው። አሁን ከግራ ሲመጣ የነበረው ከደቂቃ በኋላ ከጀርባ ይመታል። እንደ ስምንት ቁጥር የተያያዙት የደንዲ ሐይቆችም የእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ስለሆኑ ነገሩ ያው ነው። ለዚህ ስፖርት የሚሻለው ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ስፋቱ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ስለሚታወቅም ሰው ሲዋኝበት ኖሯል።

ላንጋኖም ቢሆን አመል አለው። ጠዋት እንደ መስታወት ተኝቶ ያገኛችሁት ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ሞገድን የሚሠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የንፋሱ ጉልበት፣ የነፈሰበት ጊዜና ውሃው ላይ የተጓዘው ርቀት። ውቅያኖስ ላይ ርቀቱ ብዙ ስለሆነ ሞገዱ ረጅምና የተራራቀ ይሆናል። ሐይቅ ላይ ግን አጭር፣ የተቀራረበና ቀጥ ያለ ነው። አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይመታችኋል። ጥልቀቱ በሚያንስበት ዳርቻ ደግሞ ይብስበታል። የጣና ጀልበኞች ጠዋት በጊዜ መነሳት የሚወዱት ወደው አይደለም። ስለዚህ በእኛ አገር ይህን ስፖርት የሚማር ሰው የተናወጠውን ውሃ እንደ ልዩ ፈተና ማየት የለበትም። የዘወትር ውሃው ያ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ከውጭ የሚመጣው የሸራ ሠንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ጠረፍ ነው። ላንጋኖ ወደ 1,580 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ወንጪ ላይ ደግሞ ሩቡን ያህል። የንፋሱ ፍጥነት እኩል ቢሆንም ሸራውን የሚገፋበት ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ሠንጠረዡ 5 ካሬ ሜትር ሲል፣ ልምድ ያለው ሰው ላንጋኖ ላይ ወደ 5.5 ወይም 6 ቢሄድ አግባብ ነው። ጀማሪ ግን ይህን ሰምቶ ትልቅ ሸራ እንዳያነሳ! በተናወጠ ውሃ ላይ ትንሽ ሸራ ይዞ ቀስ ማለት፣ ትልቅ ይዞ ከመወርወር ይሻላል።

ሰሌዳው ለጀማሪ ሰፊና 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ ይሁን፤ ቆሞ ሸራ ለማንሳት የሚያስችለው ስፋቱ ነው። ልምድ ሲመጣ ወደ ጠባብና ትንሽ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ሰፊ ሰሌዳ በፍጥነት ሲሄድ እያንዳንዱን ሞገድ በጥፊ ይመታል። ሸራው ላይ ብዙ ሰው የሚሰንፈው ምሰሶው ግርጌ ያለውን ወደ ታች የሚስበውን ገመድ ማጥበቅ ላይ ነው። አድካሚ ነውና በግማሽ ይተወዋል። ያ ገመድ በደንብ ሲጠብቅ የሸራው የላይኛው ጠርዝ ይላላል፤ ድንገተኛ ንፋስ ሲመጣም ከላይ ያመልጣል። ካልጠበቀ ሸራው እንደ ከረጢት ይነፋና እጃችሁን ይዞ ይሄዳል።

የምሰሶው እግር ደግሞ ሰሌዳው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። የሰሌዳው አፍንጫ እየዘለለ ካስቸገረ ትንሽ ወደ ፊት፣ ውሃ ውስጥ እየገባ ካስቸገረ ትንሽ ወደ ኋላ ይደረጋል። በእጅ የሚያዘው ቡም በትከሻና በአገጭ መሃል ይሁን፤ ንፋሱ ሲበረታ ወደ ትከሻ ይውረድ። ከኋላ ያለው ክንፍ ንፋስ በበረታ ቁጥር ይነስ፤ ትልቁ ክንፍ ሰሌዳውን ከሥር አንስቶ ይገለብጠዋል። የእግር ማሰሪያው የእግራችሁን ፊት ብቻ ያስገባ። ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚያስገባ ከሆነ ስትወድቁ እግራችሁን ይሰብራል።

አቋቋሙን ለመግለጽ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ምዕራብ ሸዋ የፈረስ አገር ነው። ፈረስ ሲጋልብ እግሩን ያደረቀ ሰው ወገቡ ማታ ይነግረዋል። ሰሌዳም እንደዚያው ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ ሞገዱ እግር ላይ ያልቃል፣ ከወገብ በላይ ያለው ሰውነት ጸጥ ይላል። ክብደታችሁን በኋላ እግራችሁ አትርገጡት፤ ቡሙ ላይ ተንጠልጠሉ፣ ክብደቱ በምሰሶው በኩል ወደ ሰሌዳው ይውረድ። ዓይናችሁ እግራችሁ ሥር አይሁን፤ ሁለት ሦስት ሞገድ ወደፊት ይመልከት። ሞገዱን ፊት ለፊት አትግጠሙት፤ በሰያፍ እለፉት። ጀማሪ ንፋሱ ከበዛበት በኋላ እጁ ሸራውን ያላላ። ስትወድቁ ደግሞ ከውሃ ስትወጡ ክንዳችሁን ከራሳችሁ በላይ አድርጉ፤ ምሰሶው የት እንደሚያርፍ አታውቁም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ዕቃ ግዙ ለማለት አይደለም። "ዕቃው ከተገኘ ምን ይከብዳል" ለሚለው ወዳጃችን ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ቢሆን በቀን አሥር ጊዜ ውሃ ውስጥ ትወድቃላችሁ። ያኔ የሚያድናችሁ ሸራው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው በውሃ ሰጥሞ እንደሞተ ገምቷል። ከአሥሩ ዘጠኙ የሞቱት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ድርጅቱ ለተማሪ ልጆች መሠረታዊ ዋናና የውሃ ጥንቃቄ ይማሩ የሚለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ሲወጣ አገር ምድሩ ሳቀ። ስለ ምርጫው የተነሳው ጥያቄ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እኛን የሚገርመን ሌላ ነው። ከሳቅነው መካከል ስንቶቻችን ነን 50 ሜትር ዋኝተን መጨረስ የምንችል?

ወንጪን ተመልከቱ። የአካባቢው ሰው ለዓመታት በማኅበር ተደራጅቶ ለጎብኚ ፈረስና ጀልባ ሲያቀርብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 "ገበታ ለሀገር" ሲታወጅ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ። በ2021 ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አለው። መንገዱም ሎጁም መልካም ነው፤ አንቃወምም። ግን ጥያቄ አለን። ሎጅ ለተሠራበት ውሃ፣ እዚያው ዳር ላደገው ልጅ ዋና ማስተማር ስንት ይፈጃል? እንግዳው ጀልባ ላይ ሲወጣ የሕይወት ጃኬት ይለብሳል፤ የሚቀዝፈው ወጣትስ?

እኛ የምንለው አጭር ነው። አምቦ ላይ የፍል ውሃ መዋኛ አለ፤ በሌሊት ቅዝቃዜ የማይበገር ሙቅ ውሃ ከመሬት ይወጣል። የምዕራብ ሸዋ ትምህርት ቤቶች፣ የእንጭኒውም ጭምር፣ ልጆቻቸውን በተራ እዚያ ወስደው ዋና ቢያስተምሩ ለዞኑ አቅም የሚከብድ አይመስለንም። 50 ሜትር የዋኘ፣ አሥር ደቂቃ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ልጅ ከዚያ በኋላ ጀልባም ይቅዘፍ፣ ላንጋኖ ወርዶ ሸራም ይያዝ፤ ምርጫው የእሱ ነው። ከዚያ ክበብ ይቋቋም፣ ዕቃም በጋራ ይገዛ። ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ሰሌዳውን ብናስቀድም ግን ስፖርት ሳይሆን ለቅሶ እናቋቁማለን።

እስከዚያው ላንጋኖ የምትወርዱ ወዳጆቻችን እነዚህን ያዙልን፦ የሕይወት ጃኬት ሳትለብሱ አትግቡ። ብቻችሁን አትግቡ። ንፋሱ ከመሬት ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ከሆነ፣ ዳርቻው የቱንም ያህል ጸጥ ቢል ተዉት፤ ይወስዳችኋል እንጂ አይመልሳችሁም። ከተቸገራችሁ ሰሌዳውን ለቃችሁ ለመዋኘት አትሞክሩ፤ እሱ አይሰጥምና ላዩ ላይ ተቀምጣችሁ ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ ቀስ እያላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ። በዓለም ሁሉ "እርዱኝ" ማለት ነው።

በበኩላችን እናንተም የምትሉትን ለመስማት ዝግጁ ነን። የምትቃወሙን ካላችሁ፣ መጀመሪያ 50 ሜትር ዋኙና እንከራከራለን።

ቸር እንሰንብት!