ያመለጠ ክስ ስንት ያወጣል?

ጠበቃ በቸልተኝነት ቀን አሳልፎ የደንበኛው ክስ በይርጋ ቢታገድ፣ ደንበኛው ዞሮ ጠበቃውን መክሰስ ይችላል። ዳኛው ግን ያልተሰማን ክስ ዋጋ መተመን ግድ ይሆንበታል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ለዚህ ያበጁት መፍትሔ በማሸነፍ ዕድሉ መቶኛ የሚሰላ ካሳ ነው። ብዙዎች ይህን የግማሽ ፍርድ ያህል ያዩታል። እኔ ግን ለእውነት የቀረበው መንገድ ይኸው ነው እላለሁ።

በ1945 አንድ የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ ቤቱ ማዕድ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞተ። ሚስቱ በጊዜው ሕግ ክስ ለመመሥረት የነበራት አንድ ዓመት ብቻ ሲሆን ጠበቆቿ አሳለፉት። ይባስ ብሎ የኤሌክትሪክ ኩባንያው 100 ፓውንድ ሲሰጥ፣ ገንዘቡ ከማን እንደመጣ እንዳታውቅ ተደረገ። ኋላ ጠበቆቿን ስትከስ፣ ኩባንያውን ታሸንፍ ነበር ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር አልነበረም፤ ትሸነፍ ነበር የሚልም እንዲሁ። ክሱ ሙሉ በሙሉ ቢሳካ 3,000 ፓውንድ ያስገኝ ነበር፤ የተፈረደላት 2,000 ነው።

ሌላው አማራጭ ምን ነበር? የማሸነፍ ዕድሉ ከ50 በመቶ ላለፈ ሁሉንም መስጠት፣ ላላለፈ ምንም አለመስጠት። በዚህ ስሌት፣ እያንዳንዳቸው 40 በመቶ ዕድል የነበራቸውን የአሥር ሰዎች ክስ ያሳለፈ ጠበቃ ለአንዳቸውም አይከፍልም። ከአሥሩ ግን አራቱ ያህል ባሸነፉ ነበር።

መቶኛው የሚሠራው በሌላ ሰው እጅ ለነበረው ውሳኔ ነው። ደንበኛው ራሱ ያደርገው የነበረውን ግን ማስረዳት አለበት። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያየው የአንድ ጡረተኛ ማዕድን ቆፋሪ ጉዳይ ይህን ያሳያል። የመሣሪያ ንዝረት እጁን ጎድቶት ነበር፤ ጠበቆቹ ለአትክልት ሥራ፣ ለመኪና እጥበትና ለመሳሰሉት የሚያስፈልገውን እገዛ የሚመለከት ካሳ እንዲጠይቅ አልመከሩትም። የመጀመሪያው ዳኛ ግን እገዛ ያስፈልገኝ ነበር ያለውን አላመኑትም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሎርድ ብሪግስ ያን ውሳኔ አጸኑ፤ ቆፋሪው ጠበቆቹን ከስሶ ምንም አላገኘም። ፍርዱ ከባድ ቢመስልም ትክክል ነው። እጁ ምን እንደሚችል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ፍርድ ቤት ቆሞ ተናግሯል፤ ተጠይቋል።

በጊዜ ብዛት ማስረጃው የደበዘዘ እንደሆነ ግን ጥርጣሬው በጠበቃው ላይ መዞር አለበት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1998 ይህንኑ ብሏል፦ ጥፋቱ የጠበቃው ሆኖ ሳለ ደንበኛው በማስረጃ እጥረት ሊጎዳ አይገባም፣ ግምቱም ለጋስ ይሁን።

የሚያሳዝነኝ ይህ ዕድልን በመቶኛ የመካስ አስተሳሰብ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ መቆሙ ነው። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከዛፍ ወድቆ ዳሌው ተጎዳ፤ ሆስፒታሉ ጉዳቱን ለቀናት ሳያውቅለት ቀረ። የመጀመሪያው ዳኛ ልጁ 25 በመቶ የመዳን ዕድል አጥቷል ብለው 11,500 ፓውንድ ፈረዱለት። በ1987 በጊዜው የበላይ ፍርድ ቤት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ሻረው። ምክንያቱ፣ ከዛፉ ሲወድቅ ጉዳቱ የማይድን ሆኖ ነበር የሚለው ግምት ማመዘኑ ነው። አመክንዮው ይገባኛል፤ ውጤቱን ግን አልቀበለውም። ያመለጠ ክስ በመቶኛ በሚከፈልበት አገር ያመለጠ ፈውስ ያለ ዋጋ መቅረት የለበትም።